በሁለት ቢላ የሚበሉት የሱዳን ወዳጆች

ኤል ፋሸር የወደቀች ሰሞን ነው። አንድ የግቢ ጓደኛዬ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ሱዳን ውስጥ ማንን ነው የምንደግፈው?» ብሎ ጠየቀ። የቅዳሜ ጨዋታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ ጎረፈ። ብዙ ላይክ ያገኘው እንዲህ ይላል፦ «ግብፅ ቡርሃንን ትደግፋለች። ስለዚህ እኛ ከሄሜቲ ጋር ነን። አለቀ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ላይክ ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ላፕቶፔን ይዤ የምሠራበት ካፌ ውስጥ ከአንድ ሱዳናዊ ጋር ጨዋታ ጀመርን። ከኦምዱርማን የመጣ፣ እኩያዬ የሚሆን ልጅ ነው። ያንኑ ጥያቄ ለእሱም አቀረብኩለት። «አንተስ ከማን ጋር ነህ?» ትንሽ ዝም አለና ስልኩን አውጥቶ የቤታቸውን ፎቶ አሳየኝ። «ይሄን በር የሰበሩት የፈጥኖ ደራሽ ሰዎች ናቸው። ፍሪጁንም፣ የእናቴን ወርቅም ይዘው ሄዱ። ይሄን ጣሪያ ያፈረሰው ደግሞ የሠራዊቱ መድፍ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ከማን ጋር ልሁን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ ግን «ግብፅ ከደገፈችው እኛ እንቃወማለን» የሚለውን ሒሳብ ቁጭ ብዬ ልፈትሸው ወሰንኩ። ኢኮኖሚክስ ስንማር ያተረፍኩት አንድ ልማድ ቢኖር ሰው የሚናገረውን ሳይሆን የሚከፍለውን መከተል ነው። ይሄው፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሁለቱ ጄነራሎች

ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በእኛ አቆጣጠር፣ በረመዳን ማብቂያ ሰሞን ነው። በአንድ በኩል በጄነራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ሠራዊት፣ በሌላ በኩል በመሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ ወይም በቅጽል ስሙ ሄሜቲ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (አርኤስኤፍ) አለ።

ሁለቱ ከመጀመሪያው ጠላቶች አልነበሩም። በ2019 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ኦማር አል በሽር ሲወርዱ ሥልጣኑ ላይ አብረው ተቀመጡ። በ2021 የሲቪሉን መንግሥት በጋራ ገለበጡት። የተጣሉት ቤቱን ከወረሱት በኋላ ነው። ፈጥኖ ደራሹ በስንት ዓመት ወደ መደበኛው ሠራዊት ይቀላቀል በሚለው ላይ መስማማት አቃታቸው። «ይቀላቀል» ማለት ደግሞ አንደኛው ጄነራል የራሱን ጦር፣ የራሱን ገንዘብና የራሱን የውጭ ወዳጅ አስረክቦ ተራ አዛዥ ይሁን ማለት ነው። ማን እሺ ይላል?

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። በ2024 ዛምዛም በተባለው የዳርፉር ተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ታወጀ። ኤል ፋሸር ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከበባ በኋላ በጥቅምት 2025 በፈጥኖ ደራሹ እጅ ስትወድቅ የተፈጸመው ግድያ ደሙ ከሳተላይት ምስል ላይ ታይቷል ተብሎ ተዘገበ። በግሩፓችን ላይ «ከእሱ ጋር ነን» ያልነው እንግዲህ ይሄንን ያደረገውን ኃይል ነው።

ከነዳጅ ወደ ወርቅ

ሱዳን በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል የነዳጅ ምርቷን ሦስት አራተኛ ገደማ አጣች። የዶላር ምንጯ ደረቀ። ያንን ቀዳዳ የደፈነው ወርቅ ነው።

ነዳጅና ወርቅ ደግሞ አንድ አይደሉም። ነዳጅ ቧንቧ ይፈልጋል፣ ማጣሪያ ይፈልጋል፣ ወደብ ይፈልጋል። ስለዚህ መንግሥት ሊቆጣጠረው ይችላል። ወርቅ ግን አካፋ ያለው ሁሉ የሚቆፍረው፣ በሻንጣ ተይዞ ድንበር የሚሻገር ነገር ነው። ማሳውን የያዘ ታጣቂ ግምጃ ቤት ያዘ ማለት ነው። ሄሜቲ በ2017 በሰሜን ዳርፉር የሚገኘውን የጀበል አሚር የወርቅ ማውጫ ሲቆጣጠር የሆነውም ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ለመክፈል የካርቱምን በጀት አይጠብቅም።

ሠራዊቱም ቢሆን የሚዋጋው በወርቅ ነው። በእሱ ቁጥጥር ሥር ባሉት አካባቢዎች በ2024 ከ60 ቶን በላይ ወርቅ መመረቱን የመንግሥት የማዕድን ድርጅት አስታውቋል። ዋጋውስ? በጥቅምት 2025 የዓለም ገበያ ላይ አንድ አውንስ ወርቅ ከ4 ሺህ ዶላር አልፏል። ጦርነቱ ሲጀመር 2 ሺህ ገደማ ነበር። አስቡት፣ ሁለቱም ተዋጊዎች የሚሸጡት ዕቃ ዋጋ በእጥፍ ጨመረ። ለሰላም ድርድር መጥፎ ዜና ነው።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። የፈጥኖ ደራሹ ወርቅ በቻድም በሊቢያም በሌላም መንገድ ዞሮ የሚደርሰው በአብዛኛው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ነው። የሠራዊቱስ? እሱም በአብዛኛው የሚሸጠው እዚያው ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። በግንባር የሚገዳደሉ ሁለት ጦሮች የአንድ ገበያ ደንበኞች ናቸው።

የኤምሬቶች ሒሳብ

የኤምሬቶች መንግሥት ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ አላቀብልም ይላል። ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ግን በጥር 2024 ባቀረበው ሪፖርት፣ በምሥራቅ ቻድ በምትገኘው አምጀራስ አየር ማረፊያ በኩል መሣሪያ ይገባል የሚለውን ክስ ተአማኒ ብሎታል። አቡዳቢ በረራዎቹ ለሰብአዊ እርዳታ ነበሩ ስትል መለሰች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በኤምሬቶች የተሠሩ፣ የፈረንሳይ መከላከያ ሥርዓት የተገጠመላቸው ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ሱዳን ውስጥ ማግኘቱን ይፋ አደረገ።

ኤምሬቶች ከሱዳን ምን ትፈልጋለች? አንደኛ ወርቁን። ሁለተኛ መሬቱን፤ በረሃ ላይ ለተመሠረተች አገር የናይል ዳር እርሻ የምግብ ዋስትና ነው። ሦስተኛ ቀይ ባሕርን። በ2022 መጨረሻ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አቡ አማማ በተባለ ቦታ የ6 ቢሊዮን ዶላር ወደብ ለመገንባት የመጀመሪያ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ሠራዊቱ የሚመራው መንግሥት በ2024 ሰረዘው። አራተኛው ፖለቲካ ነው። ከቡርሃን ጎን የበሽር ዘመን እስላማዊ ኃይሎች ተሰልፈዋል፤ ኤምሬቶች ደግሞ የሙስሊም ወንድማማችነትን ስም መስማት አትፈልግም።

ካርቱም ይህን ይዛ በ2025 ሔግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ በግንቦት ወር መዝገቡን ዘጋው። በማግስቱ ሱዳን ከኤምሬቶች ጋር ያላትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች። ወርቁስ? የወርቅ ነጋዴ ኤምባሲ አይጠብቅም።

የግብፅ አጣብቂኝ

አሁን ወደ ጓደኞቼ ሒሳብ እንመለስ። ግብፅ ሠራዊቱን እንደምትደግፍ ጥርጥር የለውም። ጦርነቱ በፈነዳበት ዕለት ፈጥኖ ደራሹ ሜሮዌ አየር ማረፊያ ላይ የግብፅ ወታደሮችን ማርኮ ነበር፤ በኋላ ተለቀቁ። ካይሮ በጎረቤቷ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ የምታውቀው ሰው እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። በ1959 የናይልን ውኃ ለሁለት የተከፋፈሉበት ውል አለ፤ ከእኛ ግድብ ጋር በተያያዘ የሱዳን ድምፅ ያስፈልጋታል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሱዳናውያን ስደተኞችም ገብተውባታል።

ነገር ግን በ2024 መጀመሪያ የግብፅ ኢኮኖሚ ሊንኮታኮት ሲል ማን ደረሰላት? ኤምሬቶች። ራስ ኤል ሄክማ በተባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ የ35 ቢሊዮን ዶላር የኢንቨስትመንት ስምምነት ተፈራረሙ። እንግዲህ ግብፅ ሱዳን ውስጥ የምትቃወመውን ኃይል ይረዳል የሚባለው አገር፣ የራሷን ፓውንድ ከገደል አፋፍ የመለሰላት አገር ነው። ሌላም አለ። ካይሮ አገሯ ውስጥ የሙስሊም ወንድማማችነትን አሸባሪ ብላ አግዳ፣ ሱዳን ውስጥ ከእስላማዊ ብርጌዶች ጋር የተሰለፈውን ሠራዊት ትደግፋለች።

«የጠላቴ ወዳጅ ጠላቴ ነው» የሚለው ቀመር እዚህ ጋ ይሰበራል። በዚህ ጦርነት ውስጥ ማንም ለማንም ሙሉ ወዳጅ አይደለም።

ካምፕ የቀየሩት

ከሁሉ የገረመኝ የሩሲያ ነገር ነው። የዋግነር ሰዎች ከበሽር ዘመን ጀምሮ በሱዳን ወርቅ ውስጥ ነበሩ፤ ሜሮይ ጎልድ የተባለው ኩባንያቸው በ2020 የአሜሪካ ማዕቀብ ተጥሎበታል። ሄሜቲ ራሱ ሞስኮ የገባው ሩሲያ ዩክሬንን ከመውረሯ በፊት በነበረው ዕለት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ዋግነር ለፈጥኖ ደራሹ ቅርብ ነበር። ፕሪጎዢን ከሞተ በኋላ ሞስኮ ቀስ እያለች ወደ ቡርሃን ዞረች። ለምን? ፖርት ሱዳን ላይ የባሕር ኃይል ጣቢያ ትፈልጋለች፤ ወደቡ ያለው ደግሞ በሠራዊቱ እጅ ነው። በኅዳር 2024 የተኩስ አቁም የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ፀጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ 14 አገሮች ደገፉት፣ ሩሲያ ብቻዋን ድምፅን በድምፅ በመሻር ጣለችው።

ዩክሬንስ? ቡርሃን በመስከረም 2023 አየርላንድ ሻነን አየር ማረፊያ ላይ ከዜሌንስኪ ጋር ተገናኝቷል። የዩክሬን ልዩ ኃይሎች ሱዳን ገብተው ዋግነርን ወግተዋል የሚሉ ዘገባዎችም ወጥተዋል። ኢራንም አለች። ሱዳን በ2016 ለሳዑዲ ስትል ከኢራን ጋር ግንኙነቷን አቋርጣ ነበር። በ2023 ድሮን ሲያስፈልጋት ታረቀች። የቱርክ ድሮኖችም በሠራዊቱ እጅ መግባታቸው በስፋት ተዘግቧል። ስለዚህ ቡርሃን ከዩክሬንም ከሩሲያም፣ ከኢራንም ከሳዑዲም፣ ከቱርክም ከግብፅም ጋር ነው። እኛ ሰፈር ይሄ በሁለት ቢላ መብላት ይባላል። የእሱ ግን ቢላው ከሁለት በላይ ነው።

ጎረቤቶችም ቢሆኑ ሒሳብ ውስጥ ናቸው። ፈጥኖ ደራሹ በየካቲት 2025 ትይዩ መንግሥት ለማቋቋም ቻርተር ያስፈረመው ናይሮቢ ውስጥ ነው። ሱዳን የኬንያ ዕቃ እንዳይገባ አገደች፤ ተጎጂ የሆነው የኬንያ ሻይ ሻጭ ነው። የደቡብ ሱዳን ነዳጅ ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣው በሱዳን መሬት በተዘረጋ ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ ጁባ ሁለቱንም ተዋጊዎች ማባበል አለባት። በለስላሳ መጠጥና በከረሜላ ውስጥ ያለው የዐረብ ሙጫ ከዓለም አቅርቦት ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከሱዳን ነው፤ ዛፉ የሚገኝባቸው የኮርዶፋንና የዳርፉር አካባቢዎች ደግሞ ጦር ሜዳ ናቸው። በእጃችን የያዝነው ጠርሙስ ሳይቀር ነገሩ ውስጥ አለበት።

ለምን አይቆምም?

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የውጭ ኃይል የሚሰጠው ድጋፍ ወዳጁ እንዳይሸነፍ የሚበቃ እንጂ እንዲያሸንፍ የሚያስችል አይደለም። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 የካርቱምን ቤተ መንግሥት አስመለሰ። በግንቦት የድሮን ጥቃት ከግንባር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የምትርቀውን ፖርት ሱዳንን አነደዳት። በጥቅምት ኤል ፋሸር ወደቀች። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይታጠቃል።

ለውጭዎቹ ይህ ርካሽ ጦርነት ነው። የራሳቸው ልጅ አይሞትም፤ ድሮን ከተዋጊ ጀት በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ስደተኛው የሚሄደው ወደ ቻድ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ እኛ ነው። ወጪውን የሚከፍለው ሌላ፣ ትርፉን የሚወስደው ሌላ ሲሆን ገበያው በራሱ አይቆምም። ይሄ ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ትምህርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለ2025 የጠየቀው 4.2 ቢሊዮን ዶላር የእርዳታ ገንዘብ ግን ግማሹ እንኳን አልተሞላም።

አስታራቂዎቹስ? በመስከረም 2025 የሦስት ወር ሰብአዊ ተኩስ አቁም እንዲደረግ የጠየቁት አራት አገሮች አሜሪካ፣ ሳዑዲ፣ ግብፅና ኤምሬቶች ናቸው። ሽምግልና የተቀመጡት የሁለቱ ተጣዪ ወገኖች አጎቶች ናቸው እንደማለት ነው። ፈጥኖ ደራሹ ኤል ፋሸርን ከያዘ በኋላ ተቀብያለሁ አለ፤ ቡርሃን ደግሞ ኤምሬቶች ያለችበት ሽምግልና ገለልተኛ አይደለም ብሎ አልተቀበለም። ያም ሆኖ አንድ ነገር እውነት ነው፤ ጦርነቱን ማቆም የሚችሉትም እነዚሁ ናቸው። ቧንቧውን የከፈተ ሰው ነው መዝጋት የሚችለው።

እኛስ?

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። በ2020 መጨረሻ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ሠራዊት አል ፋሻጋን ያዘ፤ ያ ቂም እስካሁን አለ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከ50 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሻገሩ የገዳሪፍ ገበሬ ያለውን አካፍሏቸዋል። ኡም ራኩባ የተባለው መጠለያ በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም የእኛን ሰዎች ያስጠጋ ነው። መንግሥትና ሕዝብ አንድ አይደሉም የምንለው ለዚህ ነው።

በ2023 ተራው ተገለበጠና ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ መጡ። የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች ውስጥ ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው መንገድና ጫካ ዳር ወጥተው የከረሙ ነበሩ። የተቀበልናቸው እኛ በተቀበሉን ልክ ነው ወይ? ይሄን ጥያቄ ለእናንተ ልተወው።

ከፖለቲካው አንፃርም አዲስ አበባ ሁለቱንም ጄነራሎች ተቀብላለች። በ2023 መጨረሻ ሄሜቲ መጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፖርት ሱዳን ሄደው ከቡርሃን ጋር ተገናኝተዋል። ኤምሬቶች የአገራችን ትልቅ ወዳጅና ባለሀብት ናት፤ ቡርሃን ደግሞ ለግብፅና ለኤርትራ ቅርብ ነው። ሱዳን ውስጥ የተሳሰረው የውጭ ጥቅም ክር አንዱ ጫፍ እኛ ቤት አለ። የእኛም የእርስ በርስ ጦርነት ትኩስ ትዝታ ነው፤ ያኔም ስለ ድሮን፣ ስለ ጎረቤት ጦርና ስለ ሩቅ ወዳጅ ስናወራ ነበር። አንድ የውጭ ሰው ስልኩን ከፍቶ «ኢትዮጵያ ውስጥ ማንን ነው የምንደግፈው?» ብሎ ሲቀልድ ብናይ ምን ይሰማን ነበር?

ማናችንም በላይክ ጦርነት አንጀምርም፣ አናቆምምም፤ ይሄ ይገባኛል። ግን ነገ ሼር ከማድረጋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን ወሬ የሚያሰራጨው ማን ነው? ለዚህኛው ወገን የሚከፍለው ማን ነው? በምላሹስ ምን ይወስዳል? ሦስቱን የመለሰ ሰው የአንዱን ጄነራል ፎቶ ፕሮፋይሉ ላይ የሚለጥፍ አይመስለኝም። የሚቆምለት ሰው ግን ያገኛል፤ በመሃል ያለውን።

ያን ላይክ አነሳሁት። ግሩፑ ላይም «እኔ ከማንኛቸውም ጋር አይደለሁም፣ ምክንያቴንም እጽፋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ በሳቅ ኢሞጂ መለሰልኝ፤ ሌላው ግን «ጻፈው» አለኝ። ይሄው ጻፍኩት።

የኦምዱርማኑን ልጅ ባለፈው ሳምንት እዚያው ካፌ አገኘሁት። ስለ ወርቁ ያነበብኩትን ነገርኩት። የተዘረፈ ጌጥ ቀልጦ ከማዕድኑ ጋር ሲቀላቀል ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም አልኩት። «እናቴ አራት አምባር ነበራት» አለኝ። «አንዱ የእኔ ሚስት ድርሻ ነበር፣ ሳገባ።» ከዚያ ሻዩን ጨርሶ ክፍያውን ለመክፈል ተነሳ፤ የእኔንም ጭምር። እንግዳው አንተ ነህ ብዬ ብከራከረውም እምቢ አለኝ።